ለሸራ ህትመት ቫርኒሽ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሸራ ላይ የታተመ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በመስታወት አይሸፈንም። አቧራውም፣ የእጅ ንክኪውም፣ እርጥበቱም የሚያርፈው በቀጥታ ቀለሙ ላይ ነው። ቫርኒሽ፣ ማለትም ሲደርቅ መከላከያ ሽፋን የሚሆን ቅብ፣ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

የቀለሙን ዓይነት ሳያጣሩ መግዛት። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቫርኒሹ ያብረቀርቅ እንደሆነ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን ሥዕሉ በምን ቀለም ታተመ የሚለው ነው። ቀለም በደቃቅ ጠብታ የሚረጩት ኢንክጄት ፕሪንተሮች በአብዛኛው ፒግመንት ወይም ዳይ ይጠቀማሉ። ፒግመንት ደቃቅ ብናኝ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ ውሃን በደንብ ይቋቋማል። ዳይ ግን በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ቀለም ስለሆነ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ሊሟሟ ይችላል፤ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቫርኒሽ በሮለር ሲቀባበት ጥቁሩ ወደ ነጩ ይሄዳል። ለዳይ በሶልቨንት (ውሃ ባልሆነ ማሟሟያ ፈሳሽ) የተሠራ የቫርኒሽ ስፕሬይ ይሻላል፣ ትነቱ ከባድ ስለሆነ ግን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይረጩት። አታሚው የቀለሙን ዓይነት ካልነገረዎት ከህትመቱ ትርፍ ጠርዝ ላይ እርጥብ ጥጥ ይሹበት። ጥጡ ቀለም ይዞ ከመጣ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ቤት የተረፈ የእንጨት ቫርኒሽ መቀባት። ዘይት ያለበት ቫርኒሽ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። ደርቆ ድርቅ ስለሚልም ሸራው ፍሬም ላይ ሲወጠር እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ለሸራ የሚሆነው አብሮ የሚተጣጠፍ ነው።

ማት (የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ) ሁሌም ያምራል ብሎ ማሰብ። ማት ነጸብራቅ የሚቀንሰው ውስጡ ያለው ዱቄት ብርሃን ስለሚበትን ነው፤ በዚያው ልክ ድቅድቁን ጥቁር ግራጫ ያስመስለዋል። የሌሊት ትዕይንት ላለበት ሥዕል እኔ ሳቲን (በመጠኑ የሚያብረቀርቀውን) እመርጣለሁ። ዱቄቱ ጣሳው ሥር ስለሚዘቅጥ ከመቀባትዎ በፊት ቀስ አድርገው ያማስሉት። ከናጡት አረፋው ሥዕሉ ላይ ይቀራል።

የፀሐይ መከላከያ አለው ተብሎ መስኮት ፊት ለፊት መስቀል። መከላከያው መደብዘዙን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም።

መቸኮል። ህትመቱ እጅ ላይ ቀለም ባይለቅም ውስጡ ገና እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ ቅብ፣ የመጀመሪያው በደንብ ሲደርቅ ሁለተኛው።