እማማን ኮሎራዶ ስናመጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዴንቨርና አውሮራ ሐበሻው ብዙ ነው፤ እናቱን ወይ አባቱን የልጅ ልጅ ለማሳየት የሚያመጣውም እንደዚያው። ዝግጅታችን ግን ብዙ ጊዜ ቪዛና ቲኬት ላይ ያልቃል።

አንደኛው ስህተት ከፍታውን መናቅ ነው። «እማማ የደጋ ሰው ናቸው፣ ምን ይሆናሉ?» እንላለን። ዴንቨር ላይ እውነት ነው፤ ከተማዋ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ነገር ግን እማማ መጀመሪያ ቨርጂኒያ እህታችሁ ጋ ሁለት ወር ከከረሙ፣ ቦታው ዝቅተኛ ስለሆነ ሰውነታቸው የከፍታውን ልምድ ይተወዋል። የድሬዳዋ ሰው ከሆኑማ ከመጀመሪያውም የላቸውም። እኛ ግን በደረሱ ማግስት «ተራራ እናሳይዎት» ብለን በአይ-70 አውራ ጎዳና ሽቅብ እንወጣለን። የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ብሬከንሪጅ ከተማም ከ2,900 ሜትር ይበልጣል። ራሳቸውን ሲያማቸውና ሲያቅለሸልሻቸው «ጉዞው ነው ያደከማቸው» ይባላል። ሁለት ሦስት ቀን ዴንቨር ይረፉ። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ከሆነ ገና ከአገር ሳይወጡ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ተራራው ላይ ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም መቀባዠር ከጀመሩ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ፣ ወደ ታችም ይውረዱ።

ሌላው መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ መክተት ነው። የደም ግፊቱም የስኳሩም መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ ለቆይታው የሚበቃ ይሁን፣ የሐኪም ወረቀትም አብሮት ይኑር። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ ለጎብኚ አይሠራም። ስለዚህ የጎብኚ ኢንሹራንስ ግዙላቸው፤ ስትገዙ ግን ከበፊት የነበረን በሽታ ይሸፍን እንደሆነ አንብቡ፣ ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚመጡ ከሆነ ሻንጣቸውን እዚያው ተቀብለው ለዴንቨሩ በረራ እንደገና ማስረከብ አለባቸው። ቋንቋ ለማይችል ሰው ይሄ ከባድ ነው። መራመድ ቢችሉም ቲኬት ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅላቸው፣ የሚገፋቸው ሰው መንገዱንም ያሳያቸዋል። ቋንጣ አይያዝ፣ ሥጋ አያስገቡም። በርበሬውንም ሽሮውንም ሲጠየቁ አለ ይበሉ፤ መደበቅ ያስቀጣል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሞግዚት ማድረጋችን ነው። ባልና ሚስት ሁለት ሺፍት ይሠራሉ፣ ሕፃኑ እማማ ላይ ይጣላል፣ እሳቸውም «ምን ቸገረኝ፣ ልጄ ነው» እያሉ ወገባቸው እስኪቆረጥ ያዝላሉ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግራቸው አዋቂ የለም። ትንሽ ቢናፍቃቸው ቡና ሊቆሉ ይነሳሉ፤ ጭሱ ወጣ ሲል ጣሪያው ላይ ያለው ማንቂያ ይጮሃል፣ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ ምድጃውን አይነኩትም፣ ለማንም አይናገሩም። በመጡበት ሳምንት ማንቂያው ምን እንደሆነ አሳዩዋቸው፣ መስኮት ከፍታችሁ አብራችሁ ቁሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውሰዷቸው፤ እዚያ የሚያገኟቸው እኩዮቻቸው በስልክም ይጠያየቃሉ፣ ይህ ከየትኛውም ሽርሽር ይበልጥባቸዋል። ከልጁም ቢሆን የሚያርፉበት ቀን ይኑራቸው።

ክረምት ከሆነ በረዶ የያዘው ደረጃ ላይ በነጠላ ጫማ መውጣት አይሆንም፣ የማያንሸራትት ቦቲ ይገዛላቸው። አየሩም ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል። ውኃ በላይ በላዩ ይጠጡ፣ ቅባትም አይለያቸው።

የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ነው። ቪዛው ላይ ያለው ቀን የመመለሻ ቀን አይደለም። የሚቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ሲገቡ የሚሰጣቸው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ስድስት ወር ነው። በገቡ ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ በወረቀት አውጡት፤ ማራዘም ከፈለጋችሁ ቀኑ ሳያልፍ አመልክቱ።