ለሞተር ሳይክል እና ለኤቲቪ ሲንተቲክ ዘይት እንዴት ይመረጣል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ስጀምር ሞተሬ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው የዙር መቁጠሪያው ሽቅብ ይወነጨፋል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። ከኋላዬ የመጣ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አልፎኝ ሄደ። ከ3 ቀን በፊት ዘይት ቀይሬ ነበር፤ ያውም ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ውዱን ፉል ሲንተቲክ። የሰፈሬ መካኒክ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የመኪና ዘይት ነው። ፍሪሲዮንህን አሙለጨለጭከው» አለኝ።

ዘይቱ ጥሩ ዘይት ነበር። እኔ ነኝ «ሲንተቲክ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቼ የገዛሁት። ይህ ቃል መታየት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ፍሪሲዮን እወቁ

በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ፍሪሲዮን ከሞተሩ ዘይት ውጭ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። የአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ግን ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ያቺው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ፒስተኑን ታለሰልሳለች፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ትጠብቃለች፣ የፍሪሲዮኑን ሸክላዎችም ታጥባለች። ባለ 3 እግሯ ባጃጅም እንደዚሁ ናት። አዳዲሶቹ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ይገባባቸዋል። ፍሪሲዮን ደግሞ ሥራው ራሱ በሰበቃ መያዝ ነው። ሸክላው በዚያ ቅመም ከተቀባ ይንሸራተታል፤ የእኔም ነገር ይኸው ነበር።

በቺንጋ የሚሠሩ፣ ማርሽ የማይቀየርባቸው አብዛኞቹ ስኩተሮች ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ስለሆነ ይህ ችግር የለባቸውም። ኤቲቪ፣ ማለትም ባለ 4 ጎማው ሞተር፣ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ቺንጋ አለው፣ ስለዚህ ደረቅ ነው» ብሎ መደምደም ያሳስታል። ያማሃ ግሪዝሊ ለምሳሌ ቺንጋም አላት፣ በሞተሩ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮንም አላት። ባለ ማርሽ የሆኑት የሆንዳ ኤቲቪዎችም ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዘይት ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት፤ በዚህ በኩል ብትሳሳቱ ብዙ አትጎዱም።

ቀጥሎ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ

ፊት ለፊት ያለው ሥዕልና «ሬሲንግ» የሚል ጽሑፍ ለገበያ ነው። ጀርባው ላይ «ጃሶ» የሚለውን ፈልጉ። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ለባለ 4 ምት ሞተር ሳይክል ዘይት የተዘጋጀ ደረጃ ነው፤ ዘይቱ ፍሪሲዮን ላይ ምን ያህል ሰበቃ እንደሚተው በሙከራ ተለክቶ ነው ምድብ የሚሰጠው። ኤምኤ፣ ኤምኤ1 ወይም ኤምኤ2 የሚል ካያችሁ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተዘጋጀ ነው። ከእነዚህ ከፍተኛውን ሰበቃ የሚተወው ኤምኤ2 ነው። ኤምቢ ግን ዝቅተኛ ሰበቃ ያለው፣ ለስኩተር ዓይነቶቹ የሚሆን ነው። ባለ ማርሽ ሞተር ላይ አታድርጉት።

ጃሶ ካልተጻፈበትስ? ያኔ የአሜሪካውን የነዳጅ ኢንስቲትዩት የኤፒአይን ክብ ምልክት ፈልጉ። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ቦምቦሊኖ ይመስላል። የታችኛው ግማሽ ቀለበት ላይ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» የሚል ካለ ነዳጅ ቆጣቢ የመኪና ዘይት ነውና መልሱት። እኔ ብሆን ግን ጃሶ የሌለበትን ጭራሽ አልገዛም። ቀለበቱ ላይ ያሉት ኤስጄ፣ ኤስኤል፣ ኤስኤም፣ ኤስኤን የሚሉት ፊደላት የቤንዚን ሞተር ደረጃዎች ናቸው፤ መመሪያችሁ ከጠየቀው በታች አትውረዱ። ወደ ላይ መውጣት ይቻላል፣ ጃሶው እስካለ ድረስ።

ውፍረቱ፦ ሁለቱ ቁጥሮች

10ደብሊው40፣ 20ደብሊው50 የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። ደብሊው ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ነው። 20ደብሊው ዘይት በብርድ ሞተር ለማስነሳት ያለው አቅም የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነው፣ 10ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ25። የደብረ ብርሃን ማለዳ እንኳ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ አገር ቤት የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ አያስጨንቅም፤ አነስ ያለው ጠዋት ቶሎ ይዳረሳል፣ ያ ነው ትርፉ። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ ሊጠርግ ኤቲቪ ለሚያስነሳ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። እዚያው የሚገኘው የፖላሪስ ኩባንያ ለኤቲቪዎቹ የሚሸጠው 5ደብሊው50 ሲንተቲክ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሚቀርለት ውፍረት ነው። በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የለማ! ሰመራ ሙቀት ላይ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ሞተር ደግሞ ይብስበታል። የባጃጅ ኩባንያ ለቦክሰር ሞተር ሳይክሎቹ የሚያዘው 20ደብሊው50 ነው። መመሪያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአየሩ ሙቀት ጋር የተያያዘ ሠንጠረዥ አለ፤ የአካባቢያችሁን ሙቀት ይዛችሁ ከእሱ ምረጡ። «ቀጭን ይሻላል» ወይም «ወፍራም ይሻላል» የሚል የጓደኛ ምክር አትስሙ።

አሁን ሲንተቲኩ

ሲንተቲክ የሚለው ቃል ራሱ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በአንድ በኩል ፖሊአልፋኦሌፊን ከሚባል፣ በፋብሪካ ከተቀናበረ ንጥረ ነገር ወይም ከኤስተር የሚሠራ አለ። በሌላ በኩል ድፍድፍ ነዳጅ እጅግ ተጣርቶ የሚገኝ፣ በሙያው ቡድን 3 የሚባል አለ። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም በአንድ ስም መሸጥ ይችላሉ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ካስትሮልና ሞቢል በዚሁ ተካስሰው የማስታወቂያ ጉዳይ አጣሪው አካል ለካስትሮል፣ ማለትም ለቡድን 3 ፈርዷል። «ሰሚ ሲንተቲክ» ደግሞ ከሚነራል፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ በተለመደው መንገድ ከተጣራው ዘይት፣ ጋር የተደባለቀ ነው፤ ስንት እጁ ሲንተቲክ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ አታገኙትም።

ጥቅሙ የሚታየው ሙቀትና ካምቢዮ ላይ ነው። የማርሽ ጥርሶች ውፍረት ጠባቂ ቅመሞቹን እየፈጩ ዘይቱን ያቀጥኑታል። ማርሽ እየከበደ፣ ዜሮ ማርሽ አልገኝ እያለ ሲመጣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጥሩ ሲንተቲክ ለውፍረቱ የዚህ ቅመም ብዙ አያስፈልገውም፣ በሙቀትም ቶሎ አይተንም። ስለዚህ ረጅም መንገድ ለምትጋልቡ፣ ቆላ ለምትውሉ፣ ኤቲቪውን አሸዋና ጭቃ ውስጥ በዝግታና በኃይል ለምትነዱ ብሩን ያወጣል።

በየጊዜው ሳይዛነፍ ዘይት የሚቀይር፣ ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ ግን ኤምኤ የተጻፈበት ሚነራል ይበቃዋል። ሲንተቲክ ስለገባ ብሎ የመቀየሪያውን ኪሎ ሜትር በእጥፍ ማራዘም ደግሞ የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ አቧራውና ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ መግባታቸውን አያቆሙም። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ያለቀ፣ ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር ላይም ውድ ዘይት ማፍሰስ ብር ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ፋሻው ይቀየር።

ባለ 2 ምት ከሆነ፣ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለው፣ እስካሁን ያልኩት ለካምቢዮው ካልሆነ በቀር አይሠራም። ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይቱ ሌላ ነው፤ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚለውን ነው የምትፈልጉት።

ስትገዙና ስትቀይሩ

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ክዳኑን ጠምዝዛችሁ እዩ። ቀለበቱ ሳይበጠስ፣ ከሥሩ ያለው ሽፋን ሳይነካ መሆን አለበት። ጠርሙሱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር በጣት ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም የወረደ ከሆነ ተዉት። የተጣለ ጠርሙስ እየተሞላ ይሸጣል። እኔ ባዶውን ከመጣሌ በፊት በካቻቢቴ እበሳዋለሁ።

ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቁና አሮጌውን አፍስሱ። ፊልትሮውን ቀይሩ ወይም ወንፊቱን እጠቡ፣ የማፍሰሻ ቡሎኗን ጓርኒሲዮን አትርሱ። አዲሱን ከተባለው መጠን ትንሽ አጉድላችሁ ጨምሩ፣ አስነሱ፣ አጥፉ፣ ትንሽ ጠብቁና ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ እንደቆመ ከለካችሁት ልኩ ያሳስታችኋል። መለኪያውን ጠምዝዞ ነው ወይስ ሳይጠመዝዙ የሚለካው የሚለውም ከሞተር ሞተር ይለያያል፣ መመሪያውን እዩ። ከሚነራል ወደ ሲንተቲክ ለመዞር የተለየ ማጠቢያ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ይደባለቃሉ።

የእኔን ሞተር መካኒኩ ወዲያው አፍስሶ በኤምኤ2 ሞላው። አንድ ሳምንት ነድቼ ድጋሚ አስቀየርኩት፣ የቀረውን ቅመም እንዲያጥብ። ሸክላው ገና ስላልተቃጠለ መንሸራተቱ ጠፋ፤ የእንጦጦን ዳገት በ3ኛ ማርሽ ወጣሁት። ያንን ውድ ዘይት ጎረቤቴ ለመኪናው ወሰደው። ከጠርሙሱ ግማሽ በላይ ቀርቶ ነበር፣ በግማሽ ዋጋ።