ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሊፍት ስትጠይቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማወራው ስለ ዲሲ አይደለም፤ ሲያትል ስላለችበት ስለ ዋሽንግተን ስቴት ነው። እዚያ መንገድ ዳር ቆሞ ሊፍት መጠየቅ በሕግ ይፈቀዳል። ሰው የሚቀጣው ስለጠየቀ ሳይሆን ያልሆነ ቦታ ስለቆመ ነው።

ፍሪዌይ ላይ መቆም። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እንደ አይ-5 ወይም አይ-90 ባለ የመኪና ብቻ ፈጣን አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ አውራ ጣት ማሳየት ክልክል ነው። ወደ ፍሪዌዩ መግቢያ ላይ እግረኛን የሚከለክል ምልክት አለ። ከምልክቱ ወዲህ፣ የከተማው መንገድ ላይ ቁሙ። "ትንሽ ወደ ውስጥ ብገባ መኪና ቶሎ አገኛለሁ" ብላችሁ አትለፉት። መኪኖቹ በሰዓት 60 እና 70 ማይል ነው የሚበሩት፤ ጣጣው ከቅጣት ያልፋል።

መኪና መቆም የማይችልበት ቦታ መምረጥ። ሕጉ ይህንንም ለይቶ ይከለክላል፤ መኪናው ከመንገዱ ወጣ ብሎ በሰላም መቆም መቻል አለበት። ለምሳሌ ወደ ስቲቨንስ ፓስ የሚወጣውን ሀይዌይ 2 እንውሰድ። ተራራ ላይ ጠመዝማዛ ነው፤ ኩርባው ላይ ብትቆሙ ሹፌሩ እናንተን ባየበት ቅጽበት አልፏችኋል። የነዳጅ ማደያ መውጫ ይሻላል። መኪናው ገና ፍጥነት አልያዘም፣ ሹፌሩም ፊታችሁን ለማየት ጊዜ ያገኛል። ጥቁር መነጽር አውልቁ። የምትሄዱበትን ከተማ ስም ካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፉ።

ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ያው ነው ብሎ ማሰብ። ማውንት ሬኒየርና ኦሊምፒክ የፌደራል ፓርኮች ናቸው። ደንባቸው በተፈቀደ ቦታ ካልሆነ በቀር ሊፍት መጠየቅን ይከለክላል። መጀመሪያ የፓርኩን ጠባቂ (ሬንጀር) ጠይቁ።

በይሉኝታ መግባት። እኛ ሰው ከቆመልን እምቢ ማለት ይከብደናል። እዚህ ላይ ግን ይሉኝታችሁን ተዉት። በሩን ሳትከፍቱ በመስኮት "ወዴት ነህ?" በሉት። መጠጥ ከሸተታችሁ ወይም ልባችሁ ካልወደደው፣ አመስግናችሁ ሸኙት። የታርጋውን ፎቶ ለወዳጅ ላኩ፤ ሹፌሩ ቢያይም ነውር የለውም። ቦርሳችሁን ጭናችሁ ላይ ያዙት። የኋላ ኮፈን ውስጥ ከገባ፣ መውረድ ስትፈልጉ እሱን ትታችሁ መውረድ ሊሆን ነው።

የማሪዋናን ነገር ማቃለል። ዜግነት ያልወሰዳችሁ፣ ይቺን አደራ! በስቴቱ ሕግ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ተፈቅዷል፤ በፌደራል ሕግ ግን ክልክል ነው፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ የሚታየው በፌደራል ሕግ ነው። መኪናው ውስጥ ከተጨሰ ውረዱ። ግሪን ካርዳችሁንም ቤት አትተዉት፤ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይዞት እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዛል።

የቀኑን እጥረት መርሳት። በዲሴምበር ሲያትል ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ሰሜን ካስኬድን የሚያቋርጠው ሀይዌይ 20 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በበረዶው ወራት ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት የስቴቱን የመንገድ መረጃ እዩ፤ መኪና ሳይገኝ መምሸት ከጀመረ አውቶቡስ ወዳለበት ከተማ ተመለሱ።