ክላሲካል ፒያኖን ከፖፕ ዘፈንና ከራስ አለባበስ ጋር እንዴት ማዋሃድ ይቻላል? ለድሬና ለሐረር ተጫዋቾች

ክላሲካል የተማረ ሰው ፖፕ ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ዘፈኑን በጌጥ ያጨናንቀዋል፣ ወይ የተማረውን ሁሉ ትቶ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ብቻ ይመታል። አለባበስም ላይ እንደዚያው ነው። አንዱ ጥቁር ሱፍ ለብሶ በድሬ ሙቀት ይቀቀላል፤ ሌላው የሚያብረቀርቅ ነገር ደርቦ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። እኔ አጥብቄ የማምነው አንድ ነገር ነው፤ ዜማውም ልብሱም መጀመሪያ ለእጅ መመቸት አለባቸው። የሚቀጥሉት ምክሮች በሙሉ ከዚህ የተነሱ ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፒያኒስቱ ፍራንዝ ሊስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፒያኖውን ወደ ጎን አዙሮ፣ ታዳሚው እጁንና ፊቱን እንዲያይ አድርጎ፣ ያለ ኖታ በቃሉ ይጫወት ነበር። ኤልተን ጆን በ11 ዓመቱ ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ገብቶ ክላሲካል ተምሯል፤ ያ ሁሉ መነጽርና ላባ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፒያኒስቷ ዩጃ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አጭር ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ ራክማኒኖፍን ስትጫወት ስለ ቀሚሱ ብዙ ተወርቷል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ያ ልብስ እጇን አልያዘውም።

ከኛም ሰው አለ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (እ.ኤ.አ. 1923–2023) በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የምዕራቡን ሙዚቃ ተምረው ከቤተ ክርስቲያን ዜማና ከቅኝት ጋር አዋሃዱት። ልብሳቸው የመነኩሴ ልብስ ነበር። እሱም ስታይል ነው፤ ያውም ማንም የማይረሳው። ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ተምሮ ቅኝቶቻችንን በኮንሰርት ፒያኖ ላይ አስቀመጠ። እንግዲህ ለመጀመር የጎደለን አርአያ አይደለም።

1. መሣሪያችሁን አስተካክሉ

ድሬ ውስጥ እውነተኛ ፒያኖ ማግኘት ቀላል አይደለም። ቢገኝም ሙቀቱና አቧራው ይፈትነዋል፤ የሚቃኝ ባለሙያም እንደልብ የለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንሠራው በዲጂታል ነው። ከቻላችሁ ባለ 88 ሆኖ ቁልፉ እንደ ፒያኖ ከበድ የሚል ይሁን። ባለ 61 ብቻ ካላችሁም አትዘኑ፤ ርዝመቱ ወደ 1 ሜትር ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ። ቁልፉን በስሱ ስትነኩት ዝቅ፣ ጠንከር ስታደርጉት ከፍ ማለት አለበት። ይህ ከሌለው ክላሲካሉ ከመሠረቱ ይጠፋል።

በእግር ተጭነው ድምፁን የሚያቆዩበት ፔዳል ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ ግዙት። ትንሿ ፔዳል ሴራሚክ ላይ ትሸሻለች፤ ከሥሯ ጎማ አንጥፉ። መብራት ሲጠፋ መሃል መንገድ ላይ እንዳትቀሩ ደግሞ በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ኪቦርድ ቢሆን ይመረጣል።

2. ሰው የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ምረጡ

ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ የሚናገር ሰው አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። ዓሊ ቢራ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። በልጅነቱ በአፍረን ቀሎ ቡድን ጀምሮ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማልኛም ዘፍኗል። የዘፈን ዝርዝራችሁ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከታጠረ ግማሹን ጠረጴዛ ትታችሁታል ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዜማውን በቀኝ እጅ፣ በአንድ ጣት ብቻ ተጫወቱት። ያለ ግጥም፣ ያለ ከበሮ ከቆመ ውሰዱት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሰምቶ ማንጎራጎር ከጀመረማ አለቀ። ውበቱ ሁሉ በቢቱ ወይም በግጥሙ ላይ የተንጠለጠለ ዘፈን ግን ፒያኖ ላይ ባዶ ይሆናል። የቱንም ያህል ብትወዱት ለቀቅ አድርጉት።

3. ቅኝቱን ሳታፈርሱ ኮርድ ስጡት

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ትዝታ ሜጀርን እንውሰድ። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ እና ሲ የሉበትም። ክላሲካል የተማረ እጅ ደግሞ ሐረጉ ሊያልቅ ሲል ሳያስበው ሶል ሰባተኛን ይመታል፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ። ይህ ኮርድ በቅኝቱ የሌሉትን ሁለት ድምፆች ሁለቱንም ይዞ ይገባል። ትዝታው በዚያችው ቅጽበት ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሰሚው ምክንያቱን አይነግራችሁም፤ ብቻ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

መፍትሔው ኮርዱን ከቅኝቱ ድምፆች ብቻ መሥራት ነው። ፖፕ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው የአራት ኮርድ ዙር ዶ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር ነው። እሱን እንዲህ ቀይሩት፦

ዶ – ሚ – ሶል
ሶል – ዶ – ሬ
ላ – ዶ – ሚ
ሬ – ሶል – ላ

አራቱም ውስጥ አንድም ባዕድ ድምፅ የለም። ዙሩ ግን እንደ ፖፕ ይዞራል። ጆሮ የለመደውን ዑደት ያገኛል፣ ቅኝቱም አልተነካም።

አሁን ግራ እጁን ክላሲካል አድርጉት። ሦስቱን ድምፆች አንድ ላይ አትምቱ፤ ዘርዝሯቸው። ታችኛው፣ ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ላይኛው፤ ማለትም ዶ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሶል። በሞዛርት ዘመን በጣም የተለመደ አካሄድ ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ላይ አድርጋችሁ ግራ እጅን ብቻ ተለማመዱ። እየተጫወታችሁ ከሰው ጋር ማውራት እስክትችሉ ድረስ አትለፉ። ድምፁ ከቀኝ እጅ ዝቅ ይበል።

ቀኝ እጅ ሲጨመር ነፃነቱን ስጡት። ዜማው ከምቱ ትንሽ ይዘግይ፣ ትንሽ ይቅደም፤ ግራው ግን ንቅንቅ አይበል። የፒያኖ ደራሲው ሾፓን ተማሪዎቹን ግራ እጅ ምቱን እንዲጠብቅ ያስተምር ነበር። የኛም ድምፃውያን ዜማውን ከምቱ ኋላ ጎተት አድርገው ሲዘፍኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ዓለሞች የሚገናኙበት ትክክለኛ ቦታ ለእኔ እዚህ ነው።

ጌጡም ቅኝቱን ይከተል። ሚ ላይ ስታርገበግቡ ልማድ ወደ ፋ ይወስዳችኋል። አትሂዱ። ከሚ ወደ ሶል ወይም ከሬ ወደ ሚ አርገብግቡ። ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

አንቺሆዬ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ዶ ሜጀርን መሥራት አትችሉም፤ ሚም ሶልም የሉም። ኮርድ አትጫኑበት። ዶን ታች ላይ ያዙና አልፎ አልፎ ፋን ጨምሩበት። ዜማው ራሱ ይበቃል።

4. ችክችካን ቫልስ አታድርጉት

ችክችካ፣ ያ የምናውቀው የጭፈራ ምት፣ በኖታ ስድስት ስምንተኛ ነው። በኖታ ያደገ ሰው አንድ ሁለት ሦስት እያለ ይቆጥረውና ቫልስ (በሦስት የሚቆጠረው የአውሮፓ ዳንስ) ይሆንበታል። ስድስቱን በሁለት ትልልቅ ምት ቁጠሩት፤ እግራችሁ ሁለቴ ብቻ ይርገጥ። ከዚያ ግራ እጁ ሁለቱን ሲይዝ ቀኙ በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስት እኩል ምት ይሂድበት። ክላሲካል ስትማሩ ሁለት በሦስት የሚባለውን ልምምድ ከሠራችሁ እዚህ ላይ ይክሳችኋል።

5. ልብሱን ተቀምጣችሁ ምረጡ

መስታወት ፊት ቆሞ ያማረ ልብስ ኪቦርድ ፊት ሲቀመጡ ሌላ ነው። ሸሚዙ ከጀርባ ይወጣል፣ እጅጌው ይሰበሰባል፣ ጉርዱ ፔዳል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ይሁን። ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። ሁለቱን እጆች እስከ ዳርና ዳር ዘርጉ። ከዚያ አንዱን እጅ በሌላው ላይ አሻግሩ። ብብት ስር ከያዛችሁ ልብሱ አይሆንም።

ሐረር ቅርብ ስለሆነች ማሰፋት እመርጣለሁ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ሲንጀሮቻቸውን ደጅ አውጥተው ተደርድረዋል። ጨርቅ እዚያው ትገዛላችሁ፣ እዚያው ይሰፋል። ግን ሰፊው በልማዱ አስቁሞ ነው የሚለካው። «ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ ይለኩኝ፤ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ» በሉ። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጋችሁ ሜትሩን ከአንገት ሥር እስከ አንጓ እንዲይዙላችሁ ጠይቁ። ሦስት ነገር አስምሩበት፦ ብብቱ ሰፋ ይበል፣ ከጀርባ ትርፍ ይኑረው፣ እጅጌው አንጓ አጥንት ላይ ወይም ከዚያ በላይ ይለቅ። ከፍ ያለ የእጅጌ ቁልፍ የኪቦርዱን ቁልፍ ይነካል፤ ተውት። ሰዓት፣ አምባር፣ ቀለበትም ከመጫወት በፊት ይውለቁ። በተለይ አምባር ማይክ አጠገብ ሲንኳኳ ጸጥ ያለውን ክፍል ያበላሸዋል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ስለሆነች ትሞቃለች፤ ፖሊስተር ለብሳችሁ ሃያ ደቂቃ ብትጫወቱ ላቡ ጣት ድረስ ይወርዳል። ሐረር ከፍ ስለምትል ማታ ደርብ ያስፈልጋችኋል። እሱም ቢሆን እጅጌ የሌለው ሰደርያ ይሁን እንጂ ጃኬት አይሁን።

ጫማው ቀጭንና ጠንካራ ሶል ያለው ይሁን። ተረከዝ መሬት ላይ ያርፋል፣ ፔዳሉን የሚጫነው የእግር ፊተኛው ክፍል ነው። ወፍራም ስኒከር ፔዳሉ የት እንደደረሰ እንዳይሰማችሁ ያደርጋል። ሂል ለምታደርጉ እህቶች፣ የምትለማመዱት በዚያው ጫማ ይሁን።

6. አንድ የራሳችሁ ነገር ያዙ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታሳዩ። ልብሱ ረጋ ያለ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይናገር። የጀጎል ግድግዳዎች ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝ ናቸው። ከእነሱ አንዱን ቀለም ውሰዱና በሰደርያው ገበር ወይም በአንገቱ ጠርዝ አድርጉት። ሐምራዊና ሰማያዊ ግን በቢጫ አምፖል ስር እንደሚጠቁሩ አስታውሱ፤ ማታ ለሚሆን ዝግጅት ቀለሙን በዚያው መብራት አይታችሁ ወስኑ።

የሐረሪ እናቶች አትላስ የክብር፣ የሠርግ ልብስ ነው። የማንም ባህል ቢሆን ሳይጠይቁ ለመድረክ ማስጌጫ ማድረጉን አልወደውም። ከቤቱ የሆነ ሰው አማክሩ። እሺ ካሉ በደንብ ልበሱት፤ በግማሽ አይሁን።

ሽርጥ ለመድረክ ይሆናል ወይ የሚሉኝ አሉ። ይሆናል፤ ድሬ ነው። ብቻ ቋጠሮው ጠበቅ ብሎ ጫፉ ከፔዳሉ ይራቅ።

7. ማስተላለፉንና ምሽቱን አዘጋጁ

ከክላሲካሉ ወደ ፖፑ ስትሻገሩ አትቁሙ። ክላሲካሉን ዶ ላይ ጨርሱ፣ ፔዳሉን ይዛችሁ ቆዩ፣ ድምፁ ሳይጠፋ የዘፈኑን የመጀመሪያ ድምፅ ከላይ አስገቡ። የሁለቱ መነሻ ድምፅ የተለየ ከሆነ ዘፈኑን ወደ ክላሲካሉ መነሻ አምጡት፤ ከክላሲካሉ ይልቅ ዘፈኑን ማዛወር ይቀላል። የመጀመሪያው ቁራጭ ከ3 ደቂቃ አይለፍ።

ከዝግጅቱ በፊት ሙሉውን፣ በሙሉ ልብስ፣ አንዴ ተለማመዱ። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ይሁን፤ ከተማው ተኝቶ ሙቀቱ ሲበረታ። በዚያ ሰዓት የተመቻችሁ ልብስ ማታ አያስቸግርም። በስልክም ከጎን ቅረጹት። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ከወጣ ወንበሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ቪዲዮው ከተሳካ ለቲክቶክ የሚሆነው ሰው የሚያውቀው ዜማ ከነግራ እጁ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ጀምራችሁ ቁረጡት።

ማታ ከጠረጴዛ አንዱ «አቦ፣ ያንን ድገመው!» ማለቱ አይቀርም። እሺ በሉ፤ ግን እንደ መጀመሪያው አትድገሙት። በመጀመሪያው ዙር ግራ እጁ ዘርዝሮ ከነበረ በሁለተኛው ችክችካ ይግባ፣ ቀኙም ዜማውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይጀምር።