የመሥሪያ ቤት ጉዞ ወደ ጣና ደሴቶች፣ ያውም በክረምት

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ለሠራተኛ መዝናኛ የተያዘው ብር እስከዚያ ካልወጣ ቀለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያላነሳው ጉዞ ሰኔ ሲገባ ድንገት አስቸኳይ ይሆናል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ከዚያ አርባ ሰው ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን ጣና ዳር ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። እናንተም ሳትወዱ በግድ ኮሚቴው ውስጥ ከተከተታችሁ አንብቡ።

በክረምት ጣና መሄድ እብደት አይደለም። እንደውም ያምራል። ደሴቶቹ ይለመልማሉ፣ የዘጌ ጫካ ጭጋግ ይለብሳል፣ ጭስ ዓባይም ሞልቶ የሚወርደው ያኔ ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ መጠለፍ ከጀመረ ወዲህ ፏፏቴውን በበጋ ለማየት የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅር ብሎት ነው የሚመለሰው። ዝናቡን መቻል ይቻላል። የማይቻለው አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ተብሎ በኤክሴል የወጣው ፕሮግራም ነው፦ 3፡00 ቁርስ፣ 4፡30 ጀልባ፣ 7፡30 ምሳ ደሴት ላይ፣ 9፡00 የቡድን ጨዋታ፣ 11፡00 መመለስ። ይህን ያወጣ ሰው ጣናን ከሰዓት በኋላ አያውቀውም።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላሙ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ያለበት ሁኔታ ይታወቃል። የመኪና መንገዱንም የሐይቁንም ሁኔታ ባሕር ዳር ከሚኖር ሰው በየቀኑ ጠይቁ፣ የባለፈው ወር ወሬ አይሠራም። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ይቅር፣ ብሩ ተመላሽ ይሁን፣ ማንም አይሞትም።

ሄዳችሁ እንበል። ጣና ሰፊ ነው፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀት ግን የለውም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲነካው ወዲያው ይናወጣል። ጠዋት ዝም ብሎ ያደረው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ጀልባዋን እያነሳ ያፈርጣታል፣ በክረምት ደግሞ ነጎድጓዱና ዶፉ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰው 12፡30 ላይ ወደቡ ላይ ይሰብሰብ፣ 1፡00 ላይ ጀልባ ይነሳ፣ ከ7፡00 በፊት ባሕር ዳር ተመለሱ። ምሳም ጨዋታም ንግግርም ከተማ ውስጥ ይሁን። «በጠዋቱማ ሰው አይነሳም» የሚል አይጠፋም። ማታ መሸታ ቤት የሚያመሸውን ለመጠበቅ ብላችሁ አርባ ሰው ማዕበል ላይ አታውጡ። የዘገየ ሆቴል ይቆይ፣ ቡና ይጠጣ።

ቀጥሎ የደሴት ምርጫ። ብዙው ጉዞ ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ኮሚቴው ካርታ ያያል፣ ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ቅርብ ሆኖ ያገኘዋል፣ ይይዘዋል። ክብራን ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ክብራን ደረሱና ወንዶቹ ሽቅብ ወደ ገዳሙ ወጡ። ሴቶቹ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋን ጨምሮ፣ ካፊያው እየወረደባቸው ጀልባ ውስጥ ቀሩ። ኃላፊዋ «የሠራተኞች አንድነት ቀን» የሚለውን ባነር እንደ ጋቢ ተከናንባ ቁጭ ብላለች። ማንም አልሳቀም። ወንዶቹ «እንዴት ደስ ይላል» እያሉ ሲመለሱ የነበረው ዝምታ አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ የቆየ ይመስለኛል።

ክብራንን የግድ ካላችሁ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ይቀበላል፣ ጀልባዎቹን ለሁለት ከፍላችሁ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ጋ መሄድ ትችላላችሁ። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ይነገር፣ ውሃው ላይ የሚሰማ ዜና መሆን የለበትም። ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ግን ደቅ ደሴት ላይ ነው፣ መሄጃው ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፣ በክረምት ለብዙ ሰው አልመክረውም። የዳጋ የነገሥታት አፅም፣ እነ ዐፄ ፋሲል፣ እነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እሱን ለበጋና ለጥቂት ሰው ተዉት። ጊዜ ካጠራችሁ ደብረ ማርያም አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ቅርብ ነው። በዚያው ጉማሬም ልታዩ ትችላላችሁ፣ ከሩቁ።

የኔ ምርጫ ዘጌ ነው። ዘጌ በትክክል ደሴት አይደለም፣ ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ ለኮሚቴ ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ሐይቁ ከተበሳጨ በመኪና የሚመለሱበት መንገድ አለ። በክረምት ሊያስቸግር ይችላል፣ ግን አለ። አንድ ሚኒባስ በየብስ ቀድሞ እንዲጠብቃችሁ ካደረጋችሁ የታመመም፣ ውሃ የፈራም፣ አቅም የሌለውም ሰው መውጫ ያገኛል። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመውረጃው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለበት አገር ነው። እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ባርከው ሰጥተዋል፣ ሕዝቡም በእሱ ይተዳደር ነበር። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው።

ይህ መንገድ በክረምት ያንሸራትታል። ድንጋዩ አረንጓዴ ይለብሳል፣ አፈሩ ቀይ ጭቃ ይሆናል። ታኮ ጫማ ይቅር። አዲስ ነጭ ስኒከር ይቅር። ሶሉ ያረጀ ጫማም ይቅር፣ እሱ እንደውም ይብሳል። ቦት ጫማ ያለው ያድርግ፣ የሌለው ከታች ጥርስ ያለው ማንኛውም ጫማ። ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ በጭቃ የራሰ ካልሲ ይዞ ምንጣፍ ላይ የሚቆም ሰው ይኖራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደረቅ ካልሲና ሁለት ፌስታል አስይዙ፦ አንዱ ለእርጥቡ ካልሲ፣ አንዱ ለስልክ። በዚህ ጉዞ ላይ ከወጣ ብር ሁሉ የዚህን ያህል የሚጠቅም የለም።

ቲሸርቱን በተመለከተ፦ ነጭ አታሳትሙ። ነጭ ቲሸርት ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ሴቶቹን ብትጠይቋቸው ይነግሯችሁ ነበር። ጠቆር ያለ ቀለም ይሁን፣ ከዚያ ከተረፈ ብር ደግሞ የዝናብ ልብስ ግዙ። ጃንጥላ ጀልባ ላይ ዋጋ የለውም፣ ንፋሱ ገልብጦ የጎረቤታችሁን ዓይን ይወጋል። ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ይያዙ። ወንዶችም ቁምጣችሁን ሆቴል ተዉት።

ጀልባ ስትከራዩ በብር ብቻ አትነጋገሩ። ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ነዳጅ ሞልቷል ወይስ «እናንተ ቅድሚያ ክፈሉኝና እፈልጋለሁ» ነው? ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፣ ከሁለት ቀን በፊት ይጣራ። ጣሪያ አለው? ላይፍ ጃኬቱ በሰው ቁጥር ልክ ነው? «አለ» ሲሏችሁ አውጥታችሁ ቁጠሩ፣ ቀበቶው የተበጠሰውን መልሱ። እንቦጭንም ጠይቁ። ይህ አረም ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ በብዛት ያለው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፣ ግን ንፋስ ይዞት ይሄዳል፣ ሞተር ላይ ከተጠመጠመ ባለጀልባው ጎንበስ ብሎ እስኪያወጣው መሐል ሐይቅ ላይ ትንሳፈፋላችሁ። ቀብዱን ሰጥታችሁ ቀሪውን ስትመለሱ ክፈሉ። ሙሉውን የከፈለ ሰው ባለጀልባውን ፍለጋ ወደብ ለወደብ ይዞራል።

ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ አለቃ መድቡ፣ ስም ዝርዝሩን በወረቀት ይያዝ፣ ስልክ ላይ አይደለም። ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ስልክም ይረጥባል። ሰው በሄደበት ጀልባ ይመለስ። «ከጓደኛዬ ጋር ልሁን» እያለ ጀልባ የሚቀይር ሰው ነው ቆጠራውን የሚያበላሸው፦ አንደኛው ጀልባ በሁለተኛው መጥቷል ይላል፣ ሁለተኛው በአንደኛው፣ ሰውዬው ግን ጫካ ውስጥ ፎቶ እየተነሳ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁም ይቆጠራሉ። እሳቸውን ለመቁጠር ማፈር የለም።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ በጣም የሚያስፈራው ነገር ዝናቡም ማዕበሉም አይደለም፣ «ጉማሬ!» የሚል ጩኸት ነው። ጩኸቱ ሲሰማ ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ወገን ይነሳል፣ ጀልባዋ ታጋድላለች፣ ውሃ ጫፏን ይልሳል፣ ባለጀልባው ይጮሃል። ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አንድ ነገር ብቻ ደግማችሁ ተናገሩ፦ ምንም ቢታይ ቁጭ። ላይፍ ጃኬት ለፎቶ ብሎ ማውለቅም የለም። የሚያጥወለውለው ሰው ከኋላ ይቀመጥ፣ ፊት ላይ ብዙ ይፈነጥራል፣ ሎሚ ማሽተትም ይረዳል። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት አይፈቀድ፣ እግር መንከርም እንደዚያው። ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ማታ ደግሞ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ አካባቢው ወባማ ነው።

ገዳም ውስጥ ያለው ጉዳይ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁሉም ሠራተኛ ኦርቶዶክስ አይደለም። ኦርቶዶክስ ሆኖም በዚያ ቀን በራሱ ምክንያት ቤተ መቅደስ የማይገባ ወይም የማትገባ አለ። በስፒከር «ለምን አትገቡም?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ለማይገቡት ከጫካው መሐል ቡና የሚጠጡበት ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የዘጌ ቡና እዚያው ተቆልቶ ሲፈላ እንደ ቅጣት የሚቆጥረው ሰው የለም። ስፒከሩንም ከነዲጄው ባሕር ዳር ተዉት። መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ናቸው፣ እናንተ «ቡድን ሀ ገመዱን ያዝ» ትላላችሁ፣ አይሆንም።

ምግብ። ሰኔ ውስጥ የሐዋርያት ጾም አለ፣ ሐምሌ 5 ነው የሚፈታው። ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ረቡዕና ዓርብ ያው ናቸው። የጾምና የፍስክ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ብሎ ለይቶ ማዘዝ ከቀናት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ጾመኛ «ዓሣ ይብላ» ብላችሁም አትገላገሉ፣ ብዙው አይበላም። ወደ ደሴት የሚወሰደው ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ውሃ ይበቃል። ሙዙን ደብቁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ያሉት ጦጣዎች ከሠራተኛው ይልቅ ፕሮግራሙን ያውቁታል፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከዛፍ ይወርዳሉ። ሽንት ቤት ከመነሳታችሁ በፊት፣ ወደቡ ላይ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ዝናቡ ደሴት ላይ ሊይዛችሁ ይችላል። ያኔ መቸኮል ነው የሚጎዳው። ነጎድጓድ ከተሰማ ማንም ጀልባ ላይ አይውጣ፣ ውሃ ላይ ያላችሁም በአቅራቢያ ወዳለው ዳርቻ ውጡ። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የመነኮሳቱ ወይም የቡና ቤቱ ጣሪያ ይሻላል፣ ጠይቃችሁ ግቡ። ከዚያ ባለጀልባው «እንሂድ» እስኪል ድረስ ጠብቁ። የሚወስነው እሱ ነው፣ የአውሮፕላን ሰዓት ደረሰብኝ የሚለው ኃላፊ አይደለም። ለዚህ ብላችሁ የመመለሻ በረራውን በማግስቱ ያዙ። ጭስ ዓባይንም እዚያው ቀን ላይ አትጨምቁት፣ በማግስቱ ጠዋት ይሁን።

በመጨረሻ ደረሰኝ። ገዳማቱ መግቢያ ያስከፍላሉ፣ በየቦታው ለየብቻ ነው፣ ለቪዲዮ ካሜራ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። የሚሰጣችሁ የገዳሙ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፣ ፋይናንስ ክፍል የለመደው የማሽን ደረሰኝ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ፋይናንስ ኃላፊውን አናግሩት፣ ይህን እንደሚቀበል በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ጀልባውንም ደረሰኝ ከሚሰጥ ማኅበር ተከራዩ። ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልሉት፣ የረጠበና ቀለሙ የፈሰሰ ወረቀት ይዞ ሐምሌ ላይ ኦዲተር ፊት የቆመ ሰው ዕዳው ከኪሱ ነው።