የደም ጋዝ ውጤትን ከታማሚው አተነፋፈስ ጋር አገናዝቦ ስለማንበብ

በጅማ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች የተግባር ልምምድ የምታደርጉ ተማሪዎች የደም ጋዝ ውጤት (የደሙን አሲድነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ባይካርቦኔት የሚያሳይ ምርመራ) ሲደርሳችሁ፣ ቁጥሮቹን ከማንበባችሁ በፊት የታማሚውን ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ መዝግቡ። በደም ውስጥ ያሉት ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያረክስ ንጥረ ነገር) እና ሄሞግሎቢን የተፈጠረውን አሲድ ወዲያውኑ ይይዙታል፤ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በማስወገድ በደቂቃዎች ውስጥ ለእገዛ ይደርሳል፤ ኩላሊት ግን አሲዱን በሽንት አስወጥቶ ባይካርቦኔትን እስኪተካ ቀናት ይፈጅበታል። ከእነዚህ መካከል አልጋው አጠገብ ቆመን በዓይናችን የምናየው የሳንባን ሥራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤች ተመልከቱ፤ ከ7.35 በታች ከሆነ ደሙ ወደ አሲድነት፣ ከ7.45 በላይ ከሆነ ወደ አልካሊነት አዘንብሏል ማለት ነው። ከዚያም ለለውጡ ምክንያት የሆነው ባይካርቦኔት (ልከኛው ከ22 እስከ 26 ሚሊሞል በሊትር) ነው ወይስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ልከኛው ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ) የሚለውን ለዩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የጤናማ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ሊጠጋ እንደሚችል አትዘንጉ።

ኢንሱሊን ያቋረጠ ወጣት የስኳር ታማሚ በጥልቀትና በፍጥነት እየተነፈሰ ቢመጣ፣ ደረቱ ሲደመጥ ግን ንጹሕ ቢሆን፣ የሳንባ ምች ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሳንባው በደሙ የተከማቸውን አሲድ ለማካካስ እየሠራ ሊሆን ይችላል። የሚጠበቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስላት፣ ባይካርቦኔቱ 10 ከሆነ፣ 10 በ1.5 ተባዝቶ 8 ሲደመርበት 23 ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከ21 እስከ 25 ባለው መካከል ከተገኘ ሳንባው የሚጠበቅበትን እየሠራ ነው። በዚሁ ታማሚ ላይ 35 ቢነበብ ግን፣ ቁጥሩ ለጤናማ ሰው ልከኛ ቢሆንም፣ ሳንባው አሲዱን ማካካስ እንዳቃተው ስለሚያሳይ ለእርሱ አደገኛ ነውና ኃላፊውን ሐኪም ሳትዘገዩ ጥሩ። በእኔ እምነት ተማሪዎች ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ይህን «ልከኛ» መሳይ ቁጥር ነው።

የአሲዱን ምንጭ ለመጠርጠር ክሎራይድና ባይካርቦኔትን ደምራችሁ ከሶዲየም ላይ ቀንሱ። በዚሁ ባይካርቦኔቱ 10 በሆነ ታማሚ ሶዲየም 135፣ ክሎራይድ 100 ቢሆን ልዩነቱ 25 ይሆናል፤ ከልከኛው ጣሪያ ከ12 እጅግ ስለበለጠ እንደ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል የሚፈጠር) ወይም ላክቲክ ያለ አሲድ መከማቸቱን ያመለክታል። በተቅማጥ ባይካርቦኔት የፈሰሰበት ታማሚ ግን ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ አይጨምርም።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ትንፋሹንም ባይካርቦኔቱንም ደጋግማችሁ ለኩ። ባይካርቦኔቱ እየጨመረ ትንፋሹ ከረገበ ታማሚው እየተሻለው ነው፤ ባይካርቦኔቱ እዚያው 10 ላይ እያለ ትንፋሹ ከረገበ ግን የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ እየዛሉ ወይም ንቃቱ እየቀነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ የአተነፋፈስ እገዛ በአስቸኳይ ሊዘጋጅለት ይገባል።