በቆሎን ያለ ነቀዝ ክኒን እስከ ነሐሴ ማቆየት

ኅዳር ላይ ነቀዝ ፈርቶ በቆሎውን በርካሽ የሸጠ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ በቆሎ ተበድሮ በውድ ሲገዛ አይታችኋል። ዝናቡ እንደ ድሮው አልሆን ብሏል፤ የከርሞው ምርት አይታወቅም። ቤት የገባውን እህል ማቆየት ነው የሚያዋጣው።

አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ፒክስ የሚሉት። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ ተራ ጆንያ። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና መብላቱንም መራባቱንም ትቶ ይሞታል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ሲያስቀምጥ የኖረው ለዚሁ አይደል?

ሰው የሚሳሳተው ማድረቁ ላይ ነው። እርጥቡን ካሸጋችሁት ሻግቶ ይጠብቃችኋል፣ የሻገተ በቆሎ መርዝ ደግሞ ብታጥቡትም ብትቆሉትም ሙልጭ ብሎ አይወጣም። መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ አስጡት። በአጨዳ ሰዓትም ዝናብ ዱብ ይላልና ሰማዩን እያያችሁ። መድረቁን በጥርስ ሰብሮ ማየት የለመድነው ነው፣ በጨው ግን ይሻላል፦ ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ናጡት፣ ከዚያ 15 ደቂቃ አቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተለጠፈ አልደረቀም፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ከዚያ አበጥሩት። የቆረቆንዳ ስብርባሪ ላስቲክ ይበሳልና ልቀሙ። ላስቲኩንም እንደ ፊኛ ነፍታችሁ ጨመቅ በማድረግ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ። ስትሞሉ እየጠቀጠቃችሁ አየሩን አስወጡ፣ አፉ ላይ ለማሰሪያ የሚበቃ ይትረፍ፤ መጀመሪያ የውስጡን ጠምዝዛችሁ አጥፋችሁ እሰሩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ጆንያውን። ከግድግዳ አርቃችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት። አይጥ ከበሳው ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። የየዕለቱን ቀለብ ለብቻው አስቀሩ፣ እስቲ ልየው እያሉ መክፈት የለም።

ክኒንም ሆነ ዱቄት መድኃኒት አትጨምሩበት። ያ ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ እኛ ደግሞ እህሉ አጠገብ ነው የምንተኛው።

ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ባቄላና ሽምብራ ግን እንደ በቆሎው ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ስልጠና ላይ የሚጠራው አባወራው ነው፤ ጎታውን ከፍታ የምትሰፍረው፣ ነቀዝ መግባቱንም ቀድማ የምታውቀው እማወራዋ ናት። ከረጢቱን ማሰር እሷ ካልተማረች ምን ዋጋ አለው? ባል የሌላትማ ጭራሽ አትጠራም። እናንተ ጋ ስልጠና ካለ ሁለቱም ይጠሩ በሉ። አንዴ መግዛቱ ለከበዳቸው ደግሞ ሴቶቹ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዕቁብ ጥለው፣ ዕጣው ለወጣላት ከረጢት መግዛት ይችላሉ፤ ካልተቀደደ ለከርሞም ያገለግላል።